ቂመኛው ምድጃ



ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አልጽፍም። ስለ ምድጃ ነው የምጽፈው። "ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ጥሎት ገባ?" ብላችሁ የምትስቁ ትንሽ ሳቁና ከዚያ አንብቡት። ቤታችሁ ውስጥ እንጀራ የሚጋግር ሰው እስካለ ድረስ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

እዚሁ ደጀን፣ እኛ ሰፈር፣ ምርጥ ምድጃ ገዝተው ወይም ተሰጥቷቸው አሁን ጥግ የጣሉት ቤቶች አሉ። አንዱ ቤት ዶሮ ታቅፋበታለች። ሌላው ቤት የአመድ ማጠራቀሚያ ሆኗል። ምክንያቱን ስትጠይቁ መልሱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ "ኧረ እሱስ ከልክ በላይ ይግላል! እንጀራዬን አሳረረብኝ፣ ምጣዴን ሰነጠቀብኝ።" ከዚያ ወደ ሦስቱ ጉልቻ ይመለሳሉ። ጭሱም አብሮ ይመለሳል።

ውሸታቸውን አይደለም፤ ምድጃው ይግላል። ግን ለምን እንደሚግልና ሲግል ምን እንደሚደረግ የነገራቸው ሰው የለም። ያከፋፈሉት ሰዎች አወረዱት፣ አስፈረሙ፣ ፎቶ አነሱና ሄዱ። አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያስጋገረ የለም።

ለማያውቁት ስለ ምድጃው ትንሽ ልበል። ምርጥ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገራችን ውስጥ ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። የሚሠራው ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል፣ ቀዳዳው የበዛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ፑሚስ በሌለበት በአሸዋም ይሠራል። አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ይሠራሉ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ናቸው። ከፊት አንድ አፍ አለው። እንጨቱ በዚያ ይገባል፣ አየሩም በዚያው ይገባል። በሙከራ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። ምሥጢሩ ቀላል ነው። በጉልቻ ላይ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይሆን ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የጋጋሪዋን ቅልጥም ነው የሚያሞቀው። ምርጥ ምድጃ ዙሪያውን ዘግቶ እሳቱን ወደ ምጣዱ ይመልሰዋል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አንዲት ጎረቤት አሉን። እናቴ የምታከብራቸው፣ እኔም "እትየ" የምላቸው ሴት ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ጋግረዋል፤ እንጀራቸው በዓይኑ ብዛት ሰፈር ያውቀዋል። ባለፈው ጥቅምት ቤታቸው ስገባ ምድጃው ተነሥቶ በር ሥር ተቀምጧል። እሳቸው ጉልቻው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ይጋግራሉ።

"እትየ፣ ምድጃውን ምነው አነሡት?"

"ተወኝ እስኪ መምህር። እሱ ለእኔ አልሆነም። መጀመሪያ አልሞቅም ይላል፤ ከሞቀ በኋላ ደግሞ አልበርድም ይላል።"

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። እኔ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምለፋበትን ነገር እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ቅዳሜ እንሞክረው ብዬ ለመንኳቸው፤ እየሳቁ እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ምድጃው ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ደብተሬንና ስልኬን ይዤ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጃቸው "መምህር ሊፈትንሽ መጣ!" እያለች ትስቃለች። እትየ በለመዱት እጅ እሳቱን አቀጣጠሉ፤ እንጨቱም በጉልቻ ልክ ገባ። የመጀመሪያው እንጀራ ዘገየ፤ ዓይኑም በቅጡ አልወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። "አየህ፣ አልሞቅም አለ" አሉና እንጨት ጨመሩ። አምስተኛው አማረ። ሰባተኛው እንዲያውም ከጉልቻው በለጠ። ከዘጠነኛው በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ሊጡ ምጣዱን ከመንካቱ ይጮሃል፤ ጠርዙ ደርቆ ይነሣል፤ ሆዱ ያራል። እትየ እንጨቱን ስበው አወጡት። ከዚያ በኋላም ሁለት እንጀራ አረረ።

"ይኸው! እሳቱን አውጥቼውም ያሳርራል!"

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጉልቻ እሳት የዛሬ ነው። እንጨት ስትጨምር ወዲያው ይነዳል፤ ስታወጣ ወዲያው ይበርዳል። ምክንያቱም ሙቀት የሚያጠራቅም ግድግዳ የለውም። ምርጥ ምድጃ ግን ወፍራም ግድግዳ አለው። መጀመሪያ ላይ እሳቱ ምጣዱን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ማሞቅ አለበት፤ "አልሞቅም" የሚለው ለዚህ ነው። ግድግዳው ጠግቦ ከጋለ በኋላ ደግሞ እሱ ራሱ ሌላ እሳት ይሆናል። እንጨቱ ቢወጣም ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ምጣዱ መላኩን አያቆምም፤ "አልበርድም" የሚለውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ምጣዱ አሁን የሚነግርህ የአሁኑን እሳት ብቻ አይደለም፤ የቅድሙንም ነው።

ይህን ሳስረዳቸው እትየ ትንሽ ዝም ብለው አሰቡና እንዲህ አሉ፦ "እንግዲያውስ ቂም ይይዛል በለኛ! ጉልቻ ቂም የለውም። ይሄ ግን ቅድም ያጎረስኩትን ነው አሁን የሚመልስልኝ።"

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። አሁን ክፍል ውስጥም በዚሁ ነው የማስተምረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሠራሩን ቀየርን። እንጨቱ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ተፈለጠ። መጀመሪያ ላይ ለማሞቅ ጠንከር ያለ እሳት ነደደ። እንጀራው ማማር እንደ ጀመረ፣ ገና ምንም ሳያር፣ እንጨቱ ተቀነሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ሊጥ ሲሰፋ አንድ ሁለት ፍልጥ ብቻ። በዚያ ቀን 24 እንጀራ ተጋግሮ ያረረው አንድ ነው። እትየ "ያቺንም ወሬ ናት ያሳረረቻት" አሉ።

ደጀን ላይ ሆኖ ስለ ሙቀት የሚያወራ ሰው የአባይን በረሃ ሳያነሣ አያልፍም። ከእኛ ከተማ ወደ አባይ ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ልምድ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ገና ላዩ ላይ እያለ፣ ከባድ ማርሽ ያስገባል። ፍሬን እየረገጠ አይወርድም። ፍሬኑ ግሎ መሽተት ከጀመረ በኋላ የሚመጣ ብልሃት ዘግይቷል። ምድጃም እንደዚሁ ነው። እንጀራው ካረረ በኋላ እንጨት መሳብ የጋለ ፍሬን እንደ መርገጥ ነው። የሚቀነሰው ነገሩ ገና አምሮ ሳለ ነው።

ጣጣው የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዲፕሎማ ስንማር አብሮኝ የነበረ ልጅ አሁን በረዶ በሚበዛበት አገር ይኖራል። እዚያ ግድግዳ ውስጥ በተሠራው የድሮ ክፍት ምድጃ ውስጥ መስታወት በር ያለው የብረት ሣጥን ይሰኩበታል። ቤት የሚያሞቁት በሱ ነው። አንድ ማታ ፎቶ ላከልኝ። ሣጥኑን በደረቅ እንጨት ሞልቶታል፣ የአየር ማስገቢያውን ለቆታል፣ ብረቱ መቅላት ጀምሯል። "አንተ ፊዚክስ አስተማሪ፣ በሩን ልክፈተውና ይቀዝቅዝ?" ይለኛል።

"እንዳትከፍተው! አየር ነው የምታበላው። የአየር ማስገቢያውን ቀስ እያልክ ዝጋው፤ እንጨት አትጨምር፤ ውኃ እንዳታስጠጋ፤ ጭስ ማውጫው እንደ ነፋስ መጮህ ከጀመረ ሰው ይዘህ ውጣና እሳት አደጋ ጥራ" አልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን በረደ። ያው የእትየ ምድጃ ማለት ነው። እሱ ለአየሩ የሚገፋና የሚሳብ ብረት አለው፤ እትየ ጠፍጣፋ ድንጋይ አላቸው። እሱ ብረቱ ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር አለው፤ እትየ የጎመን ዘር አላቸው። ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ ወዲያው ጠቁሮ ጭሱ ቦግ ካለ ግሏል ማለት ነው፤ ትንሽ ይጠበቃል።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚቃጠል ነገር፣ አየር፣ ሙቀት። የተዘጋ ምድጃ ሲግል ሙቀቱን በእጅህ ልታወጣው አትችልም። የቀሩህ ሁለቱ ናቸው፤ እንጨቱና አየሩ። እንግዲህ ከእትየ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየሞከርን ያረጋገጥነውንና አስተማሪነቴ የጨመረበትን ላስቀምጥላችሁ።

1. እንጨቱ ደረቅና ቀጭን ይሁን። ትልቅ ግንድ አንዴ ከተያያዘ ማዘዝ አይቻልም። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለማቀጣጠያ ጥሩ ነው፤ መሐል ላይ ከተጨመረ ግን ቦግ ብሎ ምጣዱን ባንዴ ያግለዋል።

2. ሲግል እርጥብ እንጨት ከትቶ "ማብረድ" የሚባል ልማድ አለ፤ ተዉት። ከእሳቱ ጉልበት ብዙው የእንጨቱን ውኃ በማትነን ያልቃል፣ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ውኃው ሲደርቅ ያው እንጨት ተመልሶ ይነዳል። ቂሙ አደረ እንጂ አልቀረም።

3. ሲግል የመጀመሪያው ነገር እንጨቱን መሳብ ነው። የተሳበው የሚነድ እንጨት በር ላይ አይተውም፤ ልጅ ይረግጠዋል። አመድ ወይም ደረቅ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይጥፋ።

4. ሁለተኛው የምድጃውን አፍ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ማጥበብ ነው። ማጥበብ አልኩ እንጂ ሙሉ በሙሉ መድፈን አላልኩም። አየር ያነሰው እሳት ወዲያው አይጠፋም፤ ይታፈናል። የታፈነ እሳት ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በተለይ በክረምት ብርዱን ፈርተን በር ዘግተን የምንጋግር ሰዎች፣ በሩ ትንሽ ገርበብ ይበል። ፍሙ እንዲያድር አፉን ደፍኖ እዚያው ቤት ውስጥ መተኛት ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

5. ሦስተኛው ሙቀቱን ሥራ ላይ ማዋል ነው። ከኋላው ያለው የድስት ቦታ ባዶ አይሁን፤ ውኃ ይጣድበት። ጋግራችሁ ስትጨርሱም ግድግዳው ገና ትኩስ ነው፤ ቆሎ ይቆላበታል፣ ሽሮ ይሠራበታል። እንጨት ሳትጨምሩ ማለቴ ነው።

6. ውኃ ምጣዱም ላይ ግድግዳውም ላይ አይደፋ። የጋለ ሸክላ በቀዝቃዛ ውኃ ሲመታ ላዩ ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን እንደ ጋለ ነው፤ ሁለቱ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶውም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባንዴ የሚነሣው እንፋሎት ነው፤ ፊት ይልጣል።

7. እንጨት ለማድረቅ ብላችሁ ምድጃው ላይ ወይም አጠገቡ አትደርድሩ። የተዘጋ ምድጃ እሳቱ ስለማይታይ የበረደ ይመስላል። ግድግዳው ግን ጋግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ ልጅን ያቃጥላል።

ስለ ጭስ ማውጫ ለብቻው አንድ ነገር ልበል። ምግብ ቤቶችና ድግስ የሚደገስባቸው ትልልቅ ማድቤቶች የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ያስገባሉ፤ አንዳንድ መኖሪያ ቤትም ጀምሯል። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ጭሱን ያስወጣል። ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ማውጫው በሞቀ ቁጥር አየር ይስባል፤ አየር በሳበ ቁጥር እሳቱ ይበረታል፤ እሳቱ በበረታ ቁጥር ማውጫው ይሞቃል። ሰው ካልገባበት ራሱን እያቀጣጠለ የሚሄድ ነገር ነው። ይህ የጋለ ቆርቆሮ የሚያልፈው ደግሞ በማን መሐል ነው? በባሕር ዛፍ ማገርና በማዳበሪያ ኮርኒስ መሐል። እንጨቱ ዛሬ ባይቃጠል በየጊዜው በሙቀቱ እየደረቀ፣ እየከሰለ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ይያያዛል። ስለዚህ ቧንቧው እንጨትም ማዳበሪያም የማይነካበት ሰፊ ክፍተት ይተውለት። ውስጡ የሚለጠፈው ጥላሸት ደግሞ በተለይ እርጥብ እንጨት ሲነድ ይበዛል፤ እሱ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። በየጊዜው ይጠረግ። ቧንቧው ውስጥ እንደ ነፋስ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማችሁ ጥላሸቱ ተያይዟል ማለት ነው። የምድጃውን አፍ ዝጉ፣ ልጆችን አስወጡ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ ዓይናችሁን ከጣሪያው አትንቀሉ።

አሁን "ለአንድ ያረረ እንጀራ ይህን ያህል?" የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ያረረው እንጀራ ብቻ አይደለም። ምድጃው በመጋሉ ምክንያት የተጣለበት ቤት ወደ ጉልቻ ነው የሚመለሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። ይህ ቁጥር ሩቅ ከመሰላችሁ የእናታችሁን ዓይን እዩት። የእኔ እናት ስትጋግር የምትስለውን ሳል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከግቢ ውጪ ሆኜ ዛሬ እንጀራ መጋገሩን በሳሏ ነበር የማውቀው። ጭሱ ውስጥ ታዝላ የምታድገው ሕፃንም ያንኑ ነው የምትስበው። "ኤሌክትሪክ ምጣድ አለላችሁ" የሚለንም አለ። ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ እሰየው ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም ተመልሰን እንጨት ፍለጋ ነን።

አበው "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይላሉ። እውነት ነው። ምድጃ ስለ ተቀየረ ብቻ እንጀራ አያምርም፤ እጅም መቀየር አለበት። ግን እጅ የሚቀየረው ሰው ሲያሳየው ነው። ምድጃ የሚያከፋፍል ሁሉ ከፎቶው በኋላ አንድ ጠዋት ይቀመጥ፤ አንድ ሙሉ ቡሖ ተጋግሮ እስኪያልቅ። እኔ ከሁለት ቅዳሜ በላይ አልፈጀብኝም።

አንድ ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ምርጥ ምድጃ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሊጥ የምትሰፋ፣ አክንባሎ የምትከድን፣ ሰፌድ የምታነሣ ሴት እሳቱን ከአንድ እንጀራ በፊት ቀድማ ልታስብለት አትችልም፤ እጇም ሐሳቧም ተይዟል። እሳቱ ሌላ ጠባቂ ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ከ30 ዓመት ልምድ በላይ የሚጠይቅ ነገር የለም፤ ዓይን፣ ጥቂት ፍልጥና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ቤታችሁ ጥግ የተጣለ ምድጃ ካለ ዶሮዋን አስነሡና ወደ ቦታው መልሱት። እንጀራ የሚጋገር ቀን በርጩማ ሳቡና እንጨቱን እናንተ ያዙት። እናንተ ሰፈር ሌላ ዘዴ ካለ ደግሞ ከሥር ጻፉልኝ፤ ለእትየ አነብላቸዋለሁ።